ለሚንፈራገጥ ውሻ፦ በቀን አንድ ጥፍር

እህቴ፣ «የሁለት ዓመት ውሻችን መቁረጫውን ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል፤ ወንድሜ ጥፍንግ አድርጎ ቢይዝልኝም አልቻልኩም፤ ጥፍሩ ደግሞ ሴራሚኩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል» ላልሽው፣ የእኔም ነብሮ (ስሙ ብቻ ነው ነብር) እንደዚያው ነበር።

መጀመሪያ ወንድምሽን አሰናብቺው። ሁለት ሰው ተረባርቦ የያዘው ውሻ በሚቀጥለው ቀድሞ ይሸሻል፤ መሸሻ ካጣ ይነክሳል። ደግሞ መቁረጫውን ደብቀሽ ዝም ብለሽ መዳፉን ያዢው እስቲ። ነብሮ ያኔም ነጥቆኝ ይሄድ ነበር፤ ፍርሃቱ እግሩን መያዙ ላይ ነበራ።

ስለዚህ ከእግሩ ጀምሪ። የተቀቀለ ጉበት ደቀቅ አድርገሽ ክተፊ፤ ሽንኩርትም ቅመምም እንዳይነካው። ትከሻውን ንኪ፣ ስጪው። ክርኑን ንኪ፣ ስጪው። እንዲህ እያልሽ ወደ መዳፉ ውረጂ። እግሩን ከነጠቀሽ ልቀቂውና ወደማይከፋው ቦታ ተመለሺ። ራቱን ሳይበላ ይሁን፤ የጠገበ ውሻ ለጉበት ደንታ የለውም። መዳፉን ሰጥቶሽ ዘና ማለት ሲጀምር መቁረጫውን አምጪ፤ ግን የምትቆርጪው ደረቅ ስፓጌቲ ነው። ድምፁ ከጥፍር ጋር ይመሳሰላል፤ ቀጭ ባለ ቁጥር ጉበት ይከተል።

ሳይደነግጥ ሲቀር በቀን አንድ ጥፍር። ዝም ብሎልኛል ብለሽ ሁለተኛውን እንዳትደግሚ። አብዛኛው ውሻ 18 ጥፍር ነው ያለው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ትጨርሻለሽ።

ጥፍሩ ነጭ ከሆነ ውስጡ ሮዝ ሆኖ የሚታየው ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀርሽ ቁሚ። ጥቁር ከሆነ በስሱ እየሸረፍሽ የተቆረጠውን ፊት እያየሽ ሂጂ፤ መጀመሪያ ደረቅና ነጣ ያለ ነው፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ሲል በቃ። የሰው ጥፍር መቁረጫ ለትልቅ ውሻ አይሆንም፤ ጥፍሩን ይጨፈልቀዋል፣ የደነዘ የውሻ መቁረጫም ያው ነው። ከደማ ኮርንስታርች ወይም የፉርኖ ዱቄት ጫፉ ላይ አድርገሽ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኚ። ብዙ የቆየ ጥፍር ውስጥ ሥጋውም አብሮ ስለሚረዝም ባንዴ ላሳጥር አትበዪ፤ በየሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ስትነኪ ሥጋው እያደር ወደ ኋላ ይሸሻል።

ካጉረመረመ ወይም ጥርሱን ካሳየሽ አፉን አስረሽ አትቀጥዪ። የእንስሳት ሐኪም ከቀጠሮ በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ ሊያዝለት ይችላል። ከቤት ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትሰጪው፤ ውሻን ይመርዛሉ። ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። የራሴ ውሻ ነው ብለሽ አትቅሪ፤ አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት ናት።

እኔ በጣም የምወደው ግን የሰነፍ ዘዴውን ነው። ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ገዝተሽ ሰፋ ያለ ሳንቃ ላይ በማስቲሽ ለጥፊው። ጉበቱን ከሳንቃው ሥር ደብቀሽ ዘንበል አድርገሽ ያዢለት፤ ለማውጣት ሲቧጥጥ ወዲያው ሸልሚው። ነብሮ የፊት ጥፍሮቹን አሁን ራሱ ነው የሚሞርዳቸው፣ እንዲያውም ሳንቃውን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል። ለኋላ እግር ብዙም አይረዳም፤ እዚያ መቁረጫው አይቀርልሽም።

ከፊት እግሩ በውስጥ በኩል ከፍ ብላ ያለችውን ጥፍር ግን ሳንቃውም፣ አስፋልቱም፣ ኮብልስቶኑም አይደርሱባትም። ዞራ ሥጋው ውስጥ ልትገባ ትችላለች፤ ፀጉራም ከሆነ ደግሞ ተሸፍና አትታይም። ዛሬ ማታ ተኝቶ ሳለ ፀጉሩን ገለጥ አድርገሽ እያት። ሥጋ ነክታ ካገኘሻት ቤት አትሞክሪ፣ ሐኪም ይቁረጣት፤ ካልነካች ከእሷ ጀምሪ።