መልስ፦ ብቻዬን በመርከብ ለመዝናናት ስመዘገብ ዋጋው ለምን እጥፍ ሆነ?

እህቴ፣ አላታለሉሽም። በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዋጋ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል ተብሎ በነፍስ ወከፍ የተሰላ ነው፤ ብቻሽን ስትይዢ የባዶውን አልጋም ያስከፍሉሻል፣ ብዙ ጊዜ እስከ መቶ በመቶ ጭማሪ። የወደብ ክፍያና ግብር ግን በሰው ቁጥር ስለሚታሰብ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠርብሽ ደረሰኙን እይ።

ለአንድ ሰው የተሠሩ ክፍሎችም አሉ። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ኤፒክ በተባለች መርከቡ ላይ አስገብቷቸዋል፤ ጠባብ ናቸው፣ መስኮታቸውም ወደ ኮሪደር እንጂ ወደ ባሕር አይደለም። (ባሕር ላይ ሆኖ ኮሪደር ማየት ለእኔ አይዋጥልኝም።) ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ፤ አንዳንዴ ከተራው ክፍል እጥፍ ዋጋም ሊበልጡ ስለሚችሉ አወዳድሪ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የምትሄጂው፣ ከባርሴሎና ተነስቶ ቱኒዚያ ደርሶ ለሚመለስ ጉዞ ደጋግሞ የሚያስገባ የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ቱኒዚያ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች ስትመለሺ እንደገና ትገቢያለሽና። ቪዛው ሳይያዝ የማይመለስ ቅድመ ክፍያ አትክፈይ።