ሪያሊስት ነህ ሊበራል? ብለው ሲጠይቋችሁ

ዓለም አቀፍ ግንኙነት የምትማሩ ልጆች ስታገኙኝ ቶሎ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሪያሊስት ነዎት ወይስ ሊበራል?» (ሪያሊስት መንግሥታትን የሚመራው ጉልበትና ጥቅም ነው ይላል፤ ሊበራል ደግሞ ተቋማትና ሕግም ይይዟቸዋል ይላል።) የአርሰናልና የማንቼ ነገር ይመስል! አንዱን መርጦ ማልያ ማጥለቅ፣ ከዚያ ሌላውን ማብጠልጠል። ንድፈ ሐሳብን እንዲህ የያዘ ተማሪ ፈተና ያልፋል፤ ዜና ሲሰማ ግን ግራ ይገባዋል።

የእኔ ምክር ሌላ ነው። አንድ ጉዳይ ያዙና አብጠርጥራችሁ እወቁት። ከዚያ ንድፈ ሐሳቦቹን ተራ በተራ ሞክሩበት። እኔ ለተማሪ ሁሌ የምሰጠው የ1928ቱን የጣሊያን ወረራና ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረውን የመንግሥታቱን ማኅበር ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ኢትዮጵያ ማኅበሩን የተቀላቀለችው መስከረም 1916 ነው። ማኅበሩ የቆመበት ሐሳብ «የጋራ ደኅንነት» ይባላል። አንዱን አባል የነካ ሁሉንም እንደነካ ይቆጠራል ማለት ነው። የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 16 ደግሞ በወራሪው ላይ ማዕቀብ ያዛል። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረች።

እዚህ ላይ ሪያሊስቱ ፈገግ ይላል። ከመንግሥታት በላይ ፖሊስ የለም፣ ሁሉም ለራሱ ነው ይላችኋል። ማስረጃም አያጣም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ያስጨነቃቸው ሂትለር ነበር። በሚያዝያ 1927 ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ላይ ሙሶሊኒን ከጎናቸው አሰልፈውታል፤ ሊያጡት አልፈለጉም። የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ።

ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን የማዕቀብ ዝርዝር ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ከስንት መጽሐፍ በላይ ያስተምራል። ለጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አሉበት። ጎማና ቆርቆሮም አለ። ነዳጅ የለም! የድንጋይ ከሰልም የለም። አህያ ተከልክሎ የአውሮፕላንና የካሚዮን ነዳጅ ሲፈቀድ ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ምን እየሸሹ እንደነበር ይገባችኋል። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ሰው ኋላ እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ ራሱ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ለቅቄ እወጣ ነበር ብሏል።

ሪያሊስቱ በዝረራ አሸነፈ? ቆይ፣ አትቸኩሉ። ጥቅም ብቻ ከሆነ ነገሩ፣ ሃምሳ የሚጠጉ አገሮች ከጣሊያን ጋር የነበራቸውን ንግድ ለምን ቆረጡ? በኅዳር 1928 መጨረሻ ሆርና ላቫል የሚባሉት የብሪታንያና የፈረንሳይ ሰዎች ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ በድብቅ አዘጋጁ። ወሬው ፓሪስ ጋዜጦች ላይ ሾልኮ ወጣ። የብሪታንያ ሕዝብ ጮኸ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1927፣ ከ11 ሚሊዮን በላይ የአገሩ ሰዎች ስለ ሰላምና ስለ ማኅበሩ ድምፃቸውን ሰጥተው ነበር፤ አብዛኞቹ በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይጣል ያሉ ናቸው። ሊበራሉ የሚያነሳው ይሄንን ነው። ተቋም፣ ጋዜጣና መራጭ መንግሥትን ይይዛሉ፤ ሁልጊዜ አይችሉም እንጂ።

ስለዚህ ድርሰታችሁ ላይ «ብሔራዊ ጥቅም» ብላችሁ ስትጽፉ እጃችሁን ያዝ አድርጉ። የማን ጥቅም? የሆር ነው ወይስ የመራጩ? ማን ነው ጥቅም ብሎ የሰየመው? ይህን ሳይመልሱ ቃሉን መደርደር ስንፍና ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ይሰንፉበታል።

ኮንስትራክቲቪስቱ፣ መንግሥታትን የሚመራው ስለ ራሳቸውና ስለ ሌላው የያዙት ሐሳብ ነው የሚለው፣ ደግሞ ሁለቱም ያለፉትን ይጠይቃል። ጣሊያን በማኅበሩ መቀመጫ በጄኔቫ የተከራከረችው በጉልበት ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያ የባሪያ ንግድ ያላጠፋች፣ ከሥልጡን አገሮች እኩል ልትቀመጥ የማይገባት ናት እያለች ነው። ይህ ክርክር አዳማጭ ያገኘው በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ማን «ሙሉ አገር» ነው የሚለው ሐሳብ አስቀድሞ ስለተተከለ ነው። በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተፈረመውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ጣሊያን አጽድቃ ነበር። ጋዙን ግን ኢትዮጵያ ላይ ረጨችው። ሕጉን አለማወቅ አይደለም፤ ሕጉ ለእነማን እንደሚሠራ በልቧ ወስናለች።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ያፏጩ ነበር። ከንግግሩ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ማዕቀቡ ተነሳ። ማኅበሩም ከዚያ በኋላ ብዙም አላገገመም።

ይህን ከጨረሳችሁ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር አውጡ። አንቀጽ 27ን ከማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ጎን አስቀምጡና አንብቡ። አምስቱ ኃያላን በድምፅ የመሻር መብት (ቬቶ) ይዘው ገቡ። ሪያሊስቱ «ነገርኳችሁ» ይላል፤ ሊበራሉ «ያለዚያ ጥለው ይወጡ ነበር፣ ጣሊያንም ወጥታለች» ይላል። ሁለቱም አንድ አንቀጽ ይዘው ነው የሚከራከሩት። እናንተ የትኛው ክርክር የትኛውን እውነታ እንደዘለለ ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ።