«ከምርጫው ወጥቻለሁ» ብዬ እናቴን ዋሸኋት

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። ለተማሪዎች ህብረት ፕሬዚዳንትነት እየተወዳደርኩ ነው። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች፣ «ከእኔና ከምርጫው አንዱን ምረጪ» አለችኝ፣ ከዚያ ስልኬን ማንሳት አቆመች። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ቤታችን ውስጥ ስለሱ ከዚህ በላይ ተወርቶ አያውቅም። የዛሬው ህብረት የካፌ ምግብና የዶርም ውሃ ጉዳይ እንደሆነ ባስረዳትም አልሰማችኝም። ሲጨንቀኝ «ትቼዋለሁ» አልኳት። አልተውኩትም። አሁን በየማታው ትደውላለች፣ ትመርቀኛለች፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምርጫው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ምርጫው ሳይሆን ምርቃቱ ይመስለኛል። እናትሽ የሚመርቁት ምርጫውን የተወችውን ልጅ ነው፣ አንቺ ደግሞ እሷ አይደለሽም። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እናትሽ ከየት ተነስተው እንደሚፈሩ እንይ።

ጥላሁን ግዛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ከበው ስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይም ተተኮሰ። ጥላሁን የነበረበት ወንበር አሁን አንቺ የምትወዳደሪበት ዓይነት ነው ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ፣ 1969 እና 1970። ብዙ ቤተሰብ የልጁን አስከሬን እንኳን አላገኘም፣ ያገኘውም አልቅሶ እንዳይቀብር ተከለከለ፣ ልጁን ለገደለው ጥይት ዋጋ ክፈል የተባለም አለ። ከዚያ ዘመን የወጣ ሰው «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ» ሲል ምክር እየሰጠ አይደለም፤ ያየውን እየነገረሽ ነው።

እናትሽ ያኔ ልጅ ነበሩ ብዬ እገምታለሁ። አስቢው፣ ወንድምሽ አንድ ማታ ይወሰዳል፣ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ጎረቤት አይመጣም፣ ትልልቆቹ ስሙን መጥራት ያቆማሉ። እንዲህ ያደገ ልጅ እርሙን አያወጣም። ሐዘኑ ሳያልቅ ፍርሃት ሆኖ ይኖራል፣ ዓመታት አልፈው የራሱ ልጅ ግቢ ገብታ «ተማሪዎችን ልወክል ነው» ስትለው ያ ማታ እንደገና ይመጣበታል። ለዚህ ነው ስለ ካፌና ስለ ዶርም ውሃ ያስረዳሽው ነገር ያልገባቸው። ሰውነት በፍርሃት ሲያዝ ማስረጃ አይሰማም። እንዲያውም ባስረዳሽ ቁጥር «የደረሰብሽ ነገር ተራ ነው» የምትያቸው ይመስላቸዋል።

ደግሞም ፍርሃታቸው የድሮ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ሞተዋል፣ ከደምቢዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚጓዙ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታግተዋል። ልጁን ሩቅ ግቢ የላከ ወላጅ ሁሉ ያንን ዜና ሲሰማ ሆዱ ተላውሷል። ስለዚህ እባክሽ «ዘመኑ ተለውጧል» አትበያቸው።

አሁን ወደ ውሸቱ። አልፈርድብሽም፣ የእናት ዝምታ ይጨንቃል። ግን ልብ በይ፦ የዚያን ጊዜ ወጣቶች ብዙዎቹ የገቡበትን ነገር ለእናታቸው ሳይነግሩ ነው የገቡት። ጥናት ላይ ነኝ እያሉ ስብሰባ ነበሩ። ቤተሰብ እውነቱን የሰማው ልጁ ከተወሰደ በኋላ ነው። የአጎትሽን ታሪክ እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂውም፣ እናትሽ ግን የሚወዱት ሰው ደብቋቸው ሄዶ ከሆነ፣ አንቺን ከእሱ ጋር የሚያመሳስልሽ ውድድሩ ሳይሆን መደበቅሽ ነው። የቅስቀሳ ፎቶሽ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ከሰፈር ሰው ቢሰሙት ምን እንደሚሆኑ አስቢ። ያኔ ልጃቸው መወዳደሯ ብቻ አይሆንም የሚያስደነግጣቸው። «ደህና ነኝ» ስትያቸው ከዚያ በኋላ አያምኑሽም።

ስለዚህ ከምርጫው በፊት እውነቱን ከአንቺ አፍ ይስሙ። የሚቻል ከሆነ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ቤት ሂጂ፣ ይህ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። አክስትም ሆኑ ጎረቤት፣ እናትሽ የሚያከብሩት ሰው ካለ ቀድመሽ ንገሪያቸውና አጠገባችሁ ይሁኑ። ንግግሩን አታርዝሚው። «እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። አልተውኩትም። ዝም ስትዪኝ ስላቃተኝ ነው የዋሸሁሽ።» ይኸው ነው። ይቆጡ፣ ያልቅሱ። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ለማለት አትቸኩዪ፣ ያ ልቅሶ እስከ ዛሬ ቦታ ያልተሰጠው ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ሲረጋጉ ስለ አጎትሽ ጠይቂያቸው። እንዴት እንደተወሰደ አትጠይቂ፣ እንዴት እንደኖረ ጠይቂ፦ ምን ይወድ ነበር፣ ያስቃችሁ ነበር ወይ፣ እኔ በምን እመስለዋለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዓመታት ዝም ያለን ሰው ሲያናግር በሥራዬ አይቻለሁ፣ እያለቀሱም ፈገግ ይላሉ። መናገር ካልፈለጉ እዚያው ላይ አቁሚ፣ ሌላ ቀን አለ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምም እሳቸው ልሂድ ካሉ ብቻ ነው፣ አንቺ አትጎትቻቸው። ከዚህ በኋላ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከበረታባቸው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋቸዋል።

ትወዳደሪ ወይስ ትተዪው? እኔ ተወዳደሪ ነው የምልሽ። በማስፈራራት የተተወ ነገር ቂም ሆኖ ይቀራል፣ ቂሙም የሚያርፈው እናትሽ ላይ ነው። ግን አንድ ነገር በሐቅ ተመልከቺ፦ ውድድሩ የሐሳብ ነው ወይስ የብሔር ቆጠራ ሆኗል? ደጋፊዎችሽ ስለ ካፌው፣ ስለ ላይብረሪው ሰዓት፣ ሴኔት ላይ ስለሚቀርበው ጥያቄ ነው የሚያወሩት ወይስ ስለ «የእኛ ልጆች» እና «የእነሱ ልጆች»? ሁለተኛው ከሆነ ራስሽን ማግለልሽ ሽንፈት አይደለም፣ እኔም ብሆን እወጣለሁ።

ከቀጠልሽ ለእናትሽ የሚጨበጥ ነገር ስጫቸው። የዶርም ጓደኛሽን ስልክ ይያዙ። ከመሸ ስብሰባ እንደማትቆዪ ንገሪያቸው፣ አድርጊውም። ግቢው ውስጥ ረብሻ ቢነሳ ከፊት እንደማትቆሚ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ ቤት እንደምትመጪ ቃል ግቢ። የማትጠብቂውን ቃል ግን አትስጪ፣ አንድ ጊዜ ዋሽተሻቸዋልና።

መልሰው ስልክ ሊዘጉብሽ ይችላሉ። ቢዘጉብሽም በለመዱት ሰዓት በየማታው ደውዪ፣ ካላነሱ «ዶርም ገብቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ጻፊላቸው። ምርጫውን ብታሸንፊም ብትሸነፊም ይህን አታቋርጪ።