«ማዕቀቡ አልተፈጸመም» ሲባል ያልፈጸመው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ ዜና ላይ «የጦር መሣሪያ ማዕቀቡ ለዓመታት ሳይፈጸም ቆይቷል» የሚል አነበብኩ። ሌላው ደግሞ ስለዚያው ጉዳይ «እገዳውን ማስፈጸም አልተቻለም» ይላል። ማዕቀብ፣ እገዳና ክልከላ አንድ ናቸው? መፈጸምና ማስፈጸምስ በምን ይለያያሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያው በአጭሩ ይመለሳል። ክልከላ አንድ መንግሥት በገዛ ሕጉ፣ በገዛ ግዛቱ የሚደነግገው ነው። እገዳ አስቀድሞ የተፈቀደን ነገር ማቆም ነው፤ ፈቃድ ይታገዳል፣ ሠራተኛ ከሥራ ይታገዳል። ማዕቀብ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አንድ አካል በሌላ አገር ወይም ቡድን ላይ ይጥለዋል። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 በውሳኔ ቁጥር 418 በደቡብ አፍሪካ ላይ ያሳለፈው ማዕቀብ ነው። አንድ መንግሥት ዜጎቹ ጠመንጃ ከውጭ እንዳያስገቡ ቢደነግግ ግን ክልከላ ነው፤ «ማዕቀብ» ማለት አይገባም። ማዕቀብ «ላይ» የሚለውን ቃል እንደሚፈልግም ልብ ይበሉ። «የሶማሊያ ማዕቀብ» ከተባለ ሶማሊያ ጣለችው ወይስ ተጣለባት? «በሶማሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ» ብሎ መጨረስ ነው።

ብዙ የሚያነጋግረው ሁለተኛው ነው። «ተፈጸመ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ ሥራ ላይ ዋለ፣ ደግሞም አለቀ። መጽሐፍ ሲያልቅ «ተፈጸመ» ይጻፍበታል። ስለዚህ «ማዕቀቡ ተፈጸመ» የሚለውን ያነበበ ሰው ማዕቀቡ ማብቃቱን ቢረዳ አይፈረድበትም። ሲያበቃ «ተነሣ» ይባል፤ በሶማሊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጣለው በዲሴምበር 2023 ተነሥቷል። በሥራ ላይ መዋሉን ለመናገር ደግሞ «ተከበረ» ወይም «ተግባራዊ ሆነ» ይሻላል።

«መፈጸም» እና «ማስፈጸም» የሚለያዩት በዚያች «አስ-» ናት። የፈጸመ ራሱ አደረገ፤ ያስፈጸመ ሌላውን አስደረገ። የጸጥታው ምክር ቤት ወደብ የለውም፣ ጉምሩክ የለውም፣ ፈታሽ የለውም። ማዕቀቡን ይጥላል፤ የሚፈጽሙት አባል አገሮች ናቸው፤ እነሱም በተራቸው በነጋዴዎቻቸው፣ በመርከቦቻቸውና በባንኮቻቸው ላይ ያስፈጽማሉ። ምክር ቤቱ የሚያቋቁመው የባለሙያዎች ቡድን ይመረምራል፣ ይዘግባል እንጂ አያስፈጽምም። «የመንግሥታቱ ድርጅት ባለሙያዎች ማዕቀቡን ማስፈጸም ተሳናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ያልተሰጣቸውን ሥራ ግን ይጠይቃቸዋል።

በእኔ አመለካከት ትልቁ ጉዳት ባለቤት በሌለው ግስ የሚመጣው ነው። «ማዕቀቡን አላከበሩም» የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ «ማስከበር አልቻሉም» የአቅም ጉዳይ ነው። «አልተፈጸመም» ሁለቱንም ደብቆ ያልፋል። አንዱ አውቆ መሣሪያ የሚያሻግር መንግሥት፣ ሌላው አንድ የመቃኛ መሣሪያ ይዞ በሺህ የሚቆጠር ኮንቴይነር የሚጠብቅ ጉምሩክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጠቅለል በደል ነው።

አቅም ያልነው ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ወደብ እንውረድ። የጉምሩክ ሠራተኛ ኮንቴይነሩን ከመክፈቱ በፊት የሚያየው ወረቀት ነው፤ የጭነት ማስታወቂያው፣ የላኪና የተቀባይ ስም፣ የዕቃውን ዓይነት የሚለየው የታሪፍ ቁጥር። የጦር መሣሪያና ጥይት በዓለም አቀፉ የታሪፍ ምደባ ምዕራፍ 93 ውስጥ ነው። ታንክ ግን ከተሽከርካሪዎች ጋር በ8710 ይመደባል፤ የጦር አውሮፕላን ምዕራፍ 88 ውስጥ ነው፤ በኋላ መትረየስ የሚጠመድበት ፒክአፕ እንደማንኛውም መኪና ምዕራፍ 87 ውስጥ ይገባል። 93ን ብቻ የሚፈልግ ዐይን እነዚህን ሁሉ ያሳልፋቸዋል። ጸሐፊም «የጦር መሣሪያ ገባ» ብሎ ባያቆም መልካም ነው፤ ጠመንጃ፣ ጥይት፣ መለዋወጫ ወይስ ተሽከርካሪ?

ወረቀቱ ውሸት ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 የፓናማ ባለሥልጣናት ቾንግ ቾን ጋንግ የተባለችውን የሰሜን ኮሪያ መርከብ አስቆሙ። የጠረጠሩት አደንዛዥ ዕፅ ነበር። ከኩባ የተጫነው ስኳር ነው ተብሏል፤ ከ200 ሺህ በላይ ከረጢት። ከከረጢቶቹ ሥር ሁለት ሚግ-21 አውሮፕላኖች፣ 15 ሞተሮችና የሚሳኤል ክፍሎች ተገኙ። ያንን ሁሉ ስኳር አራግፎ እስከ ታች ለመድረስ ሳምንታት ወስዷል። በጥርጣሬ ብቻ እያንዳንዱን መርከብ እንዲህ የሚያራግፍ ወደብ የለም፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የዘገየውን ጭነት ኪሳራ የሚጠይቅ ባለቤት አለ።

ለቋንቋ ጥያቄያችን የሚጠቅመው ኩባ የሰጠችው መልስ ነው። መሣሪያዎቹ 240 ቶን የሚመዝኑ አሮጌ የመከላከያ መሣሪያዎች ናቸው፤ ተጠግነው ይመለሳሉ አለች። ማለትም አልተሸጡም፣ አልተሰጡም። በሰሜን ኮሪያ ላይ የተላለፉት ውሳኔዎች ግን የሚከለክሉት «መሸጥን» ብቻ አይደለም፤ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ማቅረብንና ማስተላለፍን፣ እንዲሁም ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ የቴክኒክ አገልግሎትን ይጨምራሉ። በአማርኛ «መሣሪያ ማስገባት የተከለከለበት ማዕቀብ» ብለን ብናጠበው የኩባ ክርክር ትክክል ይመስላል። «ማስመጣት» የነጋዴ ነው፤ «ማስገባት» ድንበር ማሳለፍ ነው፤ «ማስተላለፍ» ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ለጥገና የተላከውንም ያቅፋል። ስለ ማዕቀብ ሲጻፍ የመጨረሻው ሊቀር አይገባም።

በባሕር ላይ ደግሞ መርከቧ ባንዲራውን የምታውለበልብለት አገር ይሁንታ የሚባል ነገር አለ። በሊቢያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ የሚከታተለው የአውሮፓ ኅብረት ዘመቻ አይሪኒ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የቱርክ ባንዲራ የምታውለበልብ የጭነት መርከብ ላይ ፈታሾች አሳፈረ፤ ቱርክ ስትቃወም ፍተሻው ተቋረጠ። ይህን «ምንም አልተገኘም» ብሎ የጻፈ አንባቢን አሳስቷል። «አልተገኘም» የሚባለው ፍተሻ ተጠናቆ ሲገኝ ነው፤ እዚህ ልክ የሚሆነው «ፍተሻው አልተጠናቀቀም» ነው።

«ጣሰ» የሚለውንም በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በሶማሊያ ላይ ከተጣለው ማዕቀብ የመንግሥቱ ኃይሎች እ.ኤ.አ. በ2013 በከፊል ነፃ ከተደረጉ በኋላ፣ የመሣሪያው ርክክብ ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ለምክር ቤቱ የማዕቀብ ኮሚቴ መታወቅ ነበረበት። ያው ሣጥን ተነግሮለት ሲገባ ሕጋዊ ነው፣ ሳይነገር ሲገባ ጥሰት ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ በኋላ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ገበያ ላይ ቢገኝ ደግሞ ጥፋቱ የላኪው ሳይሆን የጠባቂው ነው። ለሦስተኛው «ላልተፈቀደ ወገን ተላለፈ» ይበሉ፤ «ማዕቀቡን ጥሶ ገባ» ካሉ የገባበትን ቀን ጥፋት ያደርጉታል።

በመጨረሻ «የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ» የሚለውን ሐረግ «የገዢ ደብዳቤ» እያሉ የሚያሳጥሩት አሉ፤ አይሆንም። ገዢው ደላላ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ የሚጠይቀው መሣሪያውን በእጁ ይዞ የሚቀረውን አካል ስም፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ብዛት፣ ያለ ላኪው አገር ፈቃድ ለሌላ እንደማይሰጥ የገባውን ቃል፣ ፊርማና ማኅተም ነው። የሚጭበረበረውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ አጣሪው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደውልም፤ በኤምባሲ በኩል ፈራሚው በእርግጥ በዚያ ሥልጣን ላይ መኖሩንና መፈረሙን ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ አገር «ማዕቀቡን ያስፈጽማል» ቢባል ያስኬዳል።