የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ላይቭ ኤይድ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977

ሰሞኑን ስለ ላይቭ ኤይድ ብዙ ጥያቄ ስለደረሰን አራቱን መርጠን በአንድ ላይ መለስናቸው። ነገሩን ለማያውቅ ወጣት፦ በ77ቱ ድርቅ ለተጎዳው ወገናችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር አስበውት፣ በአንድ ቀን ለንደንና ፊላዴልፊያ ስታዲየሞች ውስጥ የተካሄደ የፖፕና የሮክ ኮንሰርት ነው።

«አባቴ ማይክል ጃክሰን በላይቭ ኤይድ ዘፍኗል ብለው ድርቅ አሉ። እውነት ነው? በእኛ ሰዓትስ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» (ከደሴ)

አባትዎ ተሳስተዋል፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም። ማይክል ለዚሁ ድርቅ እርዳታ ከሊዮኔል ሪቺ ጋር የደረሰው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተቀረጸው ከኮንሰርቱ ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ዘፈኑ የፊላዴልፊያው ማሳረጊያ ስለነበር ሁለቱ በሰው ትዝታ ውስጥ ተቀላቀሉ። ሪቺ መድረኩ ላይ ነበር፣ ማይክል አልነበረም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። የለንደኑ ዌምብሊ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በስታተስ ኮ ተከፈተ። ፊላዴልፊያ 9 ሰዓት ከ51 ገደማ ላይ ተከተለ፤ የተዘጋው እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በድምሩ 16 ሰዓት።

«የድምፅ ሥራ ላይ ነኝ። እኛ አገር አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ሕዝቡ ቆሞ ያዛጋል። እነሱ ያን ሁሉ ባንድ በአንድ ቀን እንዴት አዳረሱት?» (ከአዲስ አበባ)

በሚሽከረከር መድረክ። የዌምብሊው መድረክ ክብ ሆኖ ለሦስት የተከፈለ ነበር። አንደኛው ክፍል ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይጫወትበታል፣ ከኋላ በሁለተኛው ላይ የቀጣዩ ባንድ ድራምና ማጉያ ይደረደራል፣ በሦስተኛው ላይ የጨረሰው ባንድ ዕቃ ይነሣል። ዘፈኑ ሲያልቅ መድረኩ አንድ ሦስተኛ ይዞራል፣ አለቀ። ለሁለት ቢከፈል ኖሮ የሚያነሣውና የሚደረድረው አንድ ቦታ ላይ ይጋፋ ነበር፤ ብልሃቱ ያለው ሦስተኛዋ ክፍል ላይ ነው።

ለአንድ ባንድ የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነበር ማለት ይቻላል። ዘፋኙ ሰዓት እንዳይረሳ እንደ ትራፊክ መብራት ያለ ነገር ተተከለለት፤ አረንጓዴ «ቀጥል»፣ ቢጫ «ልትጨርስ ነው»፣ ቀይ «ውረድ»። ይህን ከሁሉ በላይ የተጠቀመበት ኩዊን ነው። ቀድመው ለንደን በሚገኘው ሾው ቲያትር ውስጥ ሰዓት ይዘው ተለማመዱ፤ የረጅሙን ዘፈናቸውን መጀመሪያ ብቻ ወስደው ስድስት ዘፈን 21 ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ከተቱት። ዩቱ የተባለው ባንድ በተቃራኒው ሁለተኛውን ዘፈን 12 ደቂቃ አስረዘሙት፣ ዘፋኛቸው ቦኖም ከመድረክ ዘሎ ወርዶ ከአንዲት ወጣት ጋር ጨፈረ። ሦስተኛው ዘፈን በዚያው ቀረ። ሕዝቡ ግን ያስታወሰው ያቺን ጭፈራ ነው፤ ሰዓት ማክበር ሁልጊዜ አያስመሰግንም።

እርስዎ የሚሽከረከር መድረክ ማሠራት አያስፈልግዎትም። 2 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ባለ ጎማ መደብ ሁለት ያሠሩ፤ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ይኑራቸው። ፍሬኑ ሁለት ጎማ ላይ ብቻ ከሆነ ድራሙ ሲመታ መደቡ በቀስታ ይሄዳል። የቀጣዩን ባንድ ድራም ከነማይኩ መደቡ ላይ ከጀርባ ያዘጋጁ። የድራሙን ማይኮች በሙሉ መደቡ ላይ ባለ አንድ ሳጥን ይሰብስቡ፤ መደቡ ሲገፋ የሚነቀለውና የሚሰካው አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ ይሆናል።

የሚበላሸውም እዚሁ መንቀልና መሰካት ላይ ነው። ማታ ወደ ማሳረጊያው ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ «ሌት ኢት ቢ»ን ሲጀምር ለሁለት ደቂቃ ያህል ፒያኖው እንጂ ድምፁ አልተሰማም፤ ማይኩ አልሠራም። ስለዚህ እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ቁጥር ምልክት ያድርጉበት። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰው በየማይኩ እየተናገረ ይዙር፣ ሌላው ሚክሰሩ ላይ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ያረጋግጥ። ቅድሚያ የዘፋኙ ማይክ፣ ቀጥሎ ባስና ኪቦርድ፣ ድራሙ መጨረሻ። አንድ የድራም ማይክ ቢጠፋ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የዘፋኙ ቢጠፋ ግን ስታዲየሙ በሙሉ ያውቃል። ለእሱ በሌላ መስመር የተሰካ መጠባበቂያ ማይክ ከጎን ይቁም።

«ሁለቱ ከተሞች በሳተላይት ከተገናኙ አንዱ ለንደን፣ ሌላው ፊላዴልፊያ ሆነው ለምን አብረው አልዘፈኑም? ኢትዮጵያዊ ዘፋኝስ ነበረ?» (ከሐዋሳ)

አብሮ መዝፈኑ ታስቦ ነበር። ዴቪድ ቦዊ ከለንደን፣ ሚክ ጃገር ከፊላዴልፊያ ሊዘፍኑ አስበው ተዉት። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ ሳተላይቱ ያለው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ድምፁ ወጥቶ እስኪወርድ 72,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረም ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጃገር የቦዊን ድምፅ ሩብ ሰከንድ ዘግይቶ ሰምቶ ቢቀበለው፣ መልሱ ቦዊ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን ግማሽ ሰከንድ ማለት አንድ ሙሉ ምት ነው፤ ጭብጨባው ሁሉ ይዛነፋል። ስለዚህ አብረው አስቀድመው የቀረጹት ቪዲዮ ታየ። በአካል ሁለቱም ቦታ የተገኘው ፊል ኮሊንስ ነው፤ ዌምብሊ ዘፍኖ፣ በሄሊኮፕተር ወደ ሂትሮው፣ በኮንኮርድ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ ፊላዴልፊያ።

ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ በሁለቱም መድረክ አልነበረም። በአፍሪካ ምድር የተወለዱ ነበሩ፦ ሻዴ ኢባዳን፣ የኩዊኑ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ ዛንዚባር። ኢትዮጵያ የታየችው በፊልም ነው። ቦዊ ከተመደበለት ጊዜ የአንድ ዘፈን ያህል ለቆ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጸው የረሃቡ ምስል እንዲታይ አደረገ፤ የመዋጮው ስልክ የተጨናነቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሰዓት ስለ እኛ ሲዘፈን አንድ የእኛ ድምፅ አለመሰማቱ ያኔም ሆነ ዛሬ ሲተች ይኖራል፤ ትችቱም ልክ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ የታየችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሰኔ 25 ቀን 1997 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ላይቭ ኤይት በተባለው ኮንሰርት ወጣት ሆና መድረክ ላይ ቆማለች።

«አጎቴ ያኔ ለንደን ሳሉ ከቴሌቪዥን የቀዱትን የቪዲዮ ካሴት አወረሱኝ። እዚህ አሜሪካ ሳጫውተው ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለምም የለውም። ተበላሽቷል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ላይበላሽ ይችላል። የእንግሊዝ ካሴት በፓል ሥርዓት የተቀዳ ነው፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካ ዴክ ኤንቲኤስሲ ነው፦ 525 መስመር፣ 30 ምስል ገደማ። የክሩ ፍጥነት እንኳ ይለያያል፤ በሰከንድ እዚያ 23.39፣ እዚህ 33.35 ሚሊ ሜትር። ፓል የሚያነብ ወይም ሁሉንም ሥርዓት የሚያጫውት ዴክ ይፈልጉ።

ከማስገባትዎ በፊት በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን በባትሪ ይዩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ካለ ሻጋታ ነው፤ አያስገቡት፣ የዴኩን ጭንቅላት ያበላሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል። ንጹሕ ከሆነ ከጠርዙ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ይስበሩ፤ በስሕተት ቀረጻ ቢጫን እንኳ አይጠፋም። ከቀዝቃዛ ቦታ ከመጣ አንድ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ይቆይ። ለዓመታት የቆመ ክር እርስ በርሱ ስለሚጣበቅና ውጥረቱ ስለሚዛባ፣ እስከ መጨረሻው አሳልፈው ወደ መጀመሪያው ይመልሱት። ይህን ሳያደርጉ ማጫወት ነው ዴክ ክር እንዲበላ የሚያደርገው።

ወደ ኮምፒውተር ሲቀዱ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል ላይ ያድርጉት። «ወደ ኤንቲኤስሲ ቀይር» የሚለውን አይጫኑ፤ እንቅስቃሴው ይንተባተባል። በዲቪ ዓይነት ከቀዱት አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ይፈልጋል።

ካሴቱ ላይ ኢ-180 ተጽፎ ከሆነ በመደበኛ ፍጥነት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሙሉውን 16 ሰዓት አይጠብቁ። የትኛው ሦስት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ብርሃኑን ይዩ፤ ኩዊን ገና ፀሐይ እያለ ነው የወጡት፣ ማካርትኒ ከመሸ። ደግሞ «ዘ ሁ» የተባለው ባንድ ስርጭት ዘፈን መሃል ቢቋረጥ፣ ወይም የማካርትኒ ድምፅ መጀመሪያው ላይ ቢጠፋ፣ ዴኩን አይነካኩ። ያን ቀን በቴሌቪዥን የተላለፈውም እንደዚያው ነው።