ከስደት ለሚመለሱ ቤተሰቦች ሥራ ገንዘብ ከየት ይገኛል? ለሁለተኛው ዓመት ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከስደት የሚመለሱ ቤተሰቦችን የሚያግዝ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁመሻል። አራት ፕሮፖዛል ልከሽ አራቱም ተቀባይነት አላገኙም። አንዱ ለጋሽ «ይሄ የልማት ሥራ ነው» አለሽ። ሌላው «ይሄ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ነው» አለሽ። አሁን የምትጠይቂው ገንዘቡን የት እንደምትፈልጊ፣ ምን ብለሽም እንደምትጽፊ ነው። እኔ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ መስክ ላይ ነበርኩ፣ በኋላ ፕሮፖዛል ወደ መጻፍ ገባሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የሁለቱ ለጋሾች መልስ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የእርዳታ ገንዘብ ገና ከምንጩ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ነፍስ ለማዳን የተመደበ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ማለቅ አለበት። ሌላው ለልማት ነው፤ ከመንግሥት ዕቅድ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፣ ለመለቀቅም ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ተመላሽ ቤተሰብ በሁለቱ መሃል ይወድቃል። ድንበር ተሻግሮ አገሩ ሲገባ ስደተኛ መባሉ ያበቃል። ቤቱ ግን ጣሪያ የለውም። ማሳው በሌላ ሰው እጅ ነው። የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በአራት ዓመት ገደማ 1.7 ሚሊዮን ስደተኞች ተመልሰዋል። አብዛኞቹ የማንንም መኪና ሳይጠብቁ በራሳቸው መንገድ ነው የገቡት። ትልቁን በጀት ለማጓጓዣ የመደበ ፕሮፖዛል ባየሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል። ሰው ወደ ቤቱ የሚሄድበትን መንገድ አያጣም። የሚያጣው ከደረሰ በኋላ የሚይዘውን ነው።

ኒካራጓ ውስጥ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1991 ፈጣን ውጤት የሚያስገኙ ትንንሽ ፕሮጀክቶችን ጀመረ። ድልድይ መጠገን፣ ውሃ ማውጣት፣ የመማሪያ ክፍል መሥራት የመሳሰሉ ናቸው። በጥቂት ወራት ያልቃሉ። ሐሳቡ ጥሩ ስለነበር በሌሎች አገሮችም ተሠራበት። ግን ክሊኒኩ ከተሠራ በኋላ ነርሷን ማን እንደሚቀጥር በጀቱ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሩድ ሉበርስ መመለስን፣ ከማኅበረሰቡ ጋር መቀላቀልን፣ መልሶ ማቋቋምንና መልሶ ግንባታን አንድ ላይ የሚያያይዝ አሠራር ይዘው የመጡት ይሄን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ያንቺ አራት ፕሮፖዛሎች እንደሚያሳዩት ክፍተቱ ዛሬም አለ።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገርሽ። የመጀመሪያው ፕሮጀክቴ ለ60 ተመላሽ ሴቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና ነበር። ሦስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ የስፌት መኪና። ለጋሹ በጣም ወደደው። ቁጥሩ ግልጽ ነው፣ በዘጠኝ ወር ያልቃል፣ ፎቶውም ያምራል። በምረቃው ቀን እንባዬ መጣ። ከዓመት በኋላ ስመለስ ግን ሥራ ላይ ያገኘሁት 11 መኪና ብቻ ነበር። ሌሎቹ ተሸጠዋል። አንዷን ሴት ለምን ሸጥሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ልጄ ታመመ፤ መኪናውን ስትሰጡኝ ማን እንደሚያሰፋ አልነገራችሁኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ ቀድሞም በቂ ልብስ ሰፊ ነበር። እኛ 60 ጨመርንባቸው። ማንም ገበያውን ዞር ብሎ አላየም። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ሪፖርታችን ላይ ፕሮጀክቱ «መቶ በመቶ ተሳክቷል» ተብሎ መጻፉ ነው። ሪፖርቱ የተጻፈው በምረቃው ሳምንት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ወሰንኩ። ለሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ያልያዘ ፕሮጀክት አልጽፍም። የመጀመሪያው ዓመት ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ገንዘብ ነው፤ ለዚያ ሰጪ አይጠፋም። ተመላሹ ቆሞ መሄድ አለመቻሉ የሚታወቀው በሁለተኛው ዓመት ነው። የእጅ ገንዘቡ ያልቃል፣ ዘመድ እጁን ይሰበስባል፣ ካሜራውም ሄዷል። ያኔ ነው ሰው እንደገና ጓዙን የሚጠቀልለው። ሁለተኛ ጊዜ የተሰደደ ሰው አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ምክንያቱም አሁን ተስፋ የሚያደርግበት ቤት የለውም።

ቀጣዩ ፕሮጀክታችን ለ35 ሰው ብቻ ነበር፣ ግን ለሁለት ዓመት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለማንም ሥልጠና አልሰጠንም። ተመላሾቹ ራሳቸው ገበያውን ዞረው ምን እንደጎደለ ጻፉ። መነሻ ገንዘቡን በሁለት ዙር ሰጠን፤ ሁለተኛው ሥራው መጀመሩ ከታየ በኋላ። አንድ የክትትል ሠራተኛ እያንዳንዱን ቤት በየወሩ ትጎበኝ ነበር። ለጋሹ የሷን ደመወዝ ሊሰርዝ ፈልጎ ነበር፣ «ይሄ የአስተዳደር ወጪ ነው» ብሎ። አልተስማማሁም። አንድ ሥራ ሲንገዳገድ ገና ሳይወድቅ የምታየው እሷ ናት። በጀት ከተቀነሰብሽ የሰው ቁጥር ቀንሺ፣ ይሄን ደመወዝ አትንኪ። 35 ሰው ላይ መሥራት ከ60 ሰው ያንሳል ብሎ የሚያስብ ለጋሽ ይገጥምሻል። የ60ዎቹን ታሪክ ንገሪው፤ እኔም እስካሁን የምናገረው እሱን ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር ሳይሰደዱ የቀሩትን ጎረቤቶች ነው። እነሱም መከራውን አይተዋል። ተመላሹ ጣሪያ ሲሰጠው የጎረቤቱ ቤት የሚያፈስ ከሆነ ቂም እየዘራሽ ነው። አንድ ቦታ የውሃ ቧንቧ ያስገባነው ለተመላሾች ሰፈር ብቻ ነበር። በሌሊት ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ከተጠቃሚዎቹ ቢያንስ ሲሶው ከቀሩት ነዋሪዎች እንዲሆን እጽፋለሁ። የልማት ገንዘብ ሰጪዎች ይሄን ይወዱታል። «ለአካባቢው ሁሉ» የሚል ሥራ ለነሱ ስለሚቀርብ፣ ያ «ይሄ አስቸኳይ እርዳታ ነው» የሚለው መልስም ይቀንሳል።

ወረቀትን ደግሞ አትናቂ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ማስተርጎምና ማስጸደቅ ከሁሉ ርካሹ ሥራ ነው። ያለሱ ግን ልጁ ትምህርት ቤት አይመዘገብም፣ አባቱም ባንክ አካውንት አይከፍትም። መሬት ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጡት፣ የፒንሄይሮ መርሆዎች የሚባሉት የተባበሩት መንግሥታት መመሪያዎች የተፈናቀለ ሰው ያለአግባብ የተወሰደበትን ቤትና መሬት የማስመለስ መብት እንዳለው ይናገራሉ። መርሆው ጥሩ ነው። መሬቱ ላይ ግን ለዓመታት ሲያርስ የኖረ ሌላ ቤተሰብ አለ፣ ልጆችም ወልዷል። ሁለቱን ቤተሰቦች ለሚያስታርቁ ሽማግሌዎች መሰብሰቢያና ለአንድ የሕግ ባለሙያ የሚሆን ገንዘብ በጀትሽ ውስጥ ይኑር። እርቁ ሳያልቅ ቤት አትሥሪ።

ገንዘቡ የት አለ ላልሽው፣ ብዙ ሰው የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የራሱ ካዝና ያለው ይመስለዋል። እሱም የሚኖረው ከሞላ ጎደል መንግሥታትና ግለሰቦች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ነው፤ ብዙው ደግሞ «ለዚህ አገር፣ ለዚህ ሥራ» ተብሎ ታስሮ ይመጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የውጭ እርዳታዋን አቁማ በኋላም ስትቀንስ ብዙ አጋር ድርጅቶች ሠራተኛ የበተኑት ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ በር ላይ ብቻ አትቁሚ። እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅ ለጋሾችና ድርጅቶች ከእርዳታው ቢያንስ 25 በመቶው እስከ 2020 በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። አልደረሰም። ቃሉን ግን ሰጥተዋልና በደብዳቤሽ ውስጥ አስታውሻቸው፤ አያስከፋም።

ለትንሽ ድርጅት የቀለለው መንገድ ይሄ ይመስለኛል። መጀመሪያ ከኤምባሲዎች ትንንሽ ፈንድ፣ ከሃይማኖት ተቋማት ወይም ከዳያስፖራ ማኅበር ለአንድ መንደር የሚሆን ገንዘብ አግኚ። በደንብ ሥሪበት፣ ኦዲት አስደርጊ። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ (ኦቻ) በአገር ደረጃ የሚያስተዳድረው የጋራ ፈንድ ካለ የአቅም ምዘናውን ጠይቂ። ምዘናው አድካሚ ነው። የግዥ መመሪያ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ የሦስት ዓመት ሒሳብ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ግን አንዴ ካለፍሽ የሌላው ለጋሽ ጥያቄ ይቀልልሻል።

የቢሮ ወጪሽን ደግሞ አትደብቂ። የአውሮፓ ኅብረት በሰብዓዊ እርዳታው ለቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ፣ ማለትም እንደ ቢሮ ኪራይና ሒሳብ ሥራ ላሉ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ላልሆኑ ወጪዎች፣ እስከ 7 በመቶ ይፈቅዳል። የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ወጪ አስቀድሞ የተስማማበት የራሱ ተመን ለሌለው ድርጅት የሚፈቅደውን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከ10 ወደ 15 በመቶ አሳድጎት ነበር። በትልቅ ድርጅት በኩል ስትቀበዪ ግን ይሄ ድርሻ መንገድ ላይ ቀርቶ አንቺ ጋ ዜሮ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ውል ከመፈረምሽ በፊት «የኛ ድርሻ ስንት ነው?» በይ። እኛ ሳንጠይቅ ፈርመን ሦስት ወር ለሒሳብ ሠራተኛችን ደመወዝ አልከፈልንም። ለቃ ሄደች። ደረሰኞቹን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ክፍያውም በውሉ ቀን አይመጣም። ሁለተኛው ዙር አራት ወር የዘገየበት ጊዜ ነበር፤ ዘር የምንገዛበት ወቅት አለፈ፣ ገበሬዎቹም አንድ ዓመት አጡ። ስለዚህ ፕሮፖዛልሽን ከማረሜ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ቤተሰቦቹ የሚመለሱት ከዘር ወቅት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ እስከሚቀጥለው ምርት የሚበሉት በበጀትሽ ውስጥ መኖር አለበት። ወሩን ጻፊልኝና ሠንጠረዡን አብረን እንሠራዋለን።