«1984»ን እስከ መጨረሻው ማንበብ

ጥያቄ፦ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እያነበብኩ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ ተደብቆ የሚያነበው ረጅም የፖለቲካ ጽሑፍ ላይ ስደርስ ታከተኝ፤ ብዘለው ታሪኩ ይጎድልብኛል? (አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ድካምዎን እንጋራለን፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ያን ክፍል መጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለጊዜው ቢያልፉት የታሪኩ ክር አይበጠስም፤ ነገር ግን ዊንስተን በእውነት ሚኒስቴር ተቀምጦ የቆዩ ጋዜጦችን ገዥው ፓርቲ እንደሚሻው የሚያርምባቸውን ገጾች በዝግታ ያንብቧቸው፤ የአገዛዙ ጉልበት ከዱላው ይልቅ የሰውን ትዝታ በመቆጣጠሩ ላይ መሆኑ የሚታየው እዚያ ነውና። በ1949 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ልብ ወለድ በመጨረሻው ስለ ፓርቲው አዲስ ቋንቋ የሚያትት አባሪ አለው፤ እሱን ግን አይዝለሉት። አባሪው ሁሉን በኃላፊ ጊዜ ስለሚተርክ፣ አገዛዙ በኋላ ወድቋል ብለው የሚከራከሩ አንባቢዎች አሉ፤ እኛ ግን ደራሲው በሩን ሆን ብሎ ገርበብ አድርጎ የተወው ይመስለናል።